ረጅም «ሎንግ» ነው ወይስ «ቶል»? ተቀራራቢ የእንግሊዝኛ ቅጽሎችን እንዴት እንምረጥ

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የብሎካችንን ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ተማሪ እስከ ሥራ ፈላጊ ድረስ ይመጣሉ። አንድ ቀን ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ወጣት የሥራ ማመልከቻውን እንዳይለት ይዞ መጣ። የጥበቃ ሥራ ነው። አንዱ መስመር «አይ አም ሎንግ» ይላል። ቀጥሎ «አይ አም ኤ ስትሮንግ ወርከር» ይላል።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። መዝገበ ቃላት ገልጦ ነው የጻፈው። ረጅም ብሎ ፈለገ፣ ሎንግ አገኘ። ጠንካራ ብሎ ፈለገ፣ ስትሮንግ አገኘ። ቃላቱ ትክክል ናቸው፤ ቦታቸው ግን እዚያ አልነበረም። እንግሊዝኛ ረጅም ሰውን «ቶል» ነው የሚለው። «ስትሮንግ» ደግሞ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ጉልበትን ነው። ለትጋት «ሃርድወርኪንግ» የሚባል ራሱን የቻለ ቃል አለ።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ደብተሬ ላይ «ትልቅ፦ ቢግ፣ ላርጅ፣ ግሬት» ብዬ በአንድ መስመር እጽፍ ነበር። ያ መስመር ብዙ ጊዜ አስከፍሎኛል። ሦስቱንም ቃላት አውቃለሁ፤ የቱን መቼ እንደምል ግን አላውቅም ነበር። ከዚህ ያወጣኝን መንገድ ነው አሁን የማካፍላችሁ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ጆሮ የለመደውን ምላስ ቶሎ ያገኘዋል።

መጀመሪያ፦ የራሳችሁን አማርኛ አድምጡ

ገበያ ሄዳችሁ «ታላቅ ድንች አለ?» ትላላችሁ? አትሉም። «ትልቅ ድንች» ነው። ወንድማችሁን ግን «ታላቅ ወንድሜ» ትሉታላችሁ። ትልቅና ታላቅ ዘመዳሞች ናቸው። ማንም ቁጭ አድርጎ ልዩነታቸውን አላስተማራችሁም፤ ግን አትሳሳቱም። እንጀራው ትኩስ ነው፤ የመታጠቢያው ውሃ ሙቅ ነው። ዜናም ትኩስ ይሆናል፣ ሙቅ ዜና ግን የለም። ጫማው አሮጌ ነው፤ ሰውየው ሽማግሌ ናቸው። «አሮጌ ሰውዬ» ብትሉ ስድብ ነው።

እንዴት አወቃችሁ? ቅጽሉን ብቻውን አልተማራችሁትም። ከስሙ ጋር ተጣብቆ ነው ወደ ጆሯችሁ የገባው። «ትኩስ እንጀራ» አንድ ላይ መጣ፣ «ታላቅ ወንድም» አንድ ላይ መጣ። እንግሊዝኛም ቢሆን በዚሁ በር ነው የሚገባው። ቅጽልን ለብቻው ማጥናት አቁሙ። ሁልጊዜ ከስሙ ጋር ያዙት። የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ሁለተኛ፦ ሰፊውን የአማርኛ ቃል በትኑት

አብዛኛው ስህተታችን የሚመጣው አንድ የአማርኛ ቃል ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላትን ስለሚሸፍን ነው። ስለዚህ ከአማርኛው ተነሡ። አንድ ገጽ ላይ የአማርኛውን ቅጽል መሐል ጻፉ። ዙሪያውን እናንተ ራሳችሁ የምትሏቸውን ነገሮች ደርድሩ። ከዚያ እያንዳንዱን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ፈልጉ።

«ረጅም»ን እንውሰድ። ረጅም ሰው፣ ረጅም ዛፍ፣ ረጅም ሕንፃ፦ ሦስቱም «ቶል» ናቸው። ቀጥ ብሎ ለቆመና ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ለሚበልጥ ነገር ነው። ከ200 ሜትር በላይ የሚቆመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት «ኤ ቶል ቢልዲንግ» ነው። ረጅም መንገድ፣ ረጅም ፀጉር፣ ረጅም ሰልፍ፣ ረጅም ጊዜ ግን «ሎንግ» ናቸው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ጠዋት የምንሰለፈው የታክሲ ሰልፍ «ኤ ሎንግ ኪው» ነው።

ተራራስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ከሰፈራችን በስተ ምሥራቅ የሚታየው የረር፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸን፣ ሁለቱም «ሃይ» ናቸው እንጂ «ቶል» አይደሉም። ተራራ ሥሩ ሰፊ ነው። እንግሊዝኛ የሚያየው ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ ነው። አማርኛም ቢሆን «ከፍተኛ ተራራ» ሲል ይስማማዋል። ዋጋ፣ ትኩሳት፣ ፍጥነት፣ የቤት ጣሪያ ሁሉ «ሃይ» ናቸው።

«ከባድ» ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። ከባድ ሻንጣ «ሄቪ» ነው። ከባድ ዝናብም «ሄቪ ሬይን» ነው። የትራፊክ መጨናነቅም «ሄቪ ትራፊክ» ነው። ነፋስ ሲበረታ ግን «ስትሮንግ ዊንድ» እንጂ «ሄቪ ዊንድ» አይባልም። ለምን ብላችሁ አትድከሙ። እንደ ትኩስ እንጀራ ነው፤ እንዲሁ ተጣብቋል። ከባድ ፈተና «ሃርድ» ወይም «ዲፊከልት» ነው፤ «ሄቪ ኤግዛም» አይሆንም። ከባድ ሕመም «ሲሪየስ ኢልነስ»፣ ከባድ ስህተት «ሲሪየስ ሚስቴክ» ነው። አምስት ነገር ዘርዝራችሁ አንድ ቃል ለሁሉም ከሠራ ተጠራጠሩ።

የምወደው ምሳሌ ቡና ነው። ቡና ወፍራም ወይም ቀጭን ይሆናል እንላለን። አቦሉ ይወፍራል፣ በረካው ይቀጥናል። ይህን ቃል በቃል «ቲክ ኮፊ» እና «ቲን ኮፊ» ካላችሁ ሰሚው ግራ ይገባዋል። እንግሊዝኛ ቡናን በጉልበቱ ነው የሚለካው፦ «ስትሮንግ ኮፊ» እና «ዊክ ኮፊ»። ሻይም እንዲሁ። ወፍራም መጽሐፍ ግን «ቲክ ቡክ» ነው። ወፍራም ድምፅ ደግሞ «ዲፕ ቮይስ» ነው፤ ዲፕ ጥልቅ ማለት ነው። ቀጭን መንገድ «ናሮው» ነው። «ቀጭን ትእዛዝ» ስንልማ ከእነዚህ አንዱም አይሠራም፤ «ስትሪክት ኦርደር» ነው።

ሦስተኛ፦ ተቃራኒውን ጠይቁ

ደብተር በሌለበት፣ ፈተና ላይ ወይም ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያገለግል ፈጣን መፈተኛ ነው። ቅጽሉን ከመወሰናችሁ በፊት የነገሩን ተቃራኒ በእንግሊዝኛ አስቡ። የቀላል ተቃራኒ ከባድ ነው። ግን የትኛው ከባድ? ሻንጣው ባይከብድ ምን ይሆን ነበር? «ላይት»። ስለዚህ ከባዱ «ሄቪ» ነው። ፈተናው ባይከብድስ? «ኢዚ»። ስለዚህ «ሃርድ» ነው። ዳቦው ባይደርቅ? «ሶፍት»። ያም «ሃርድ» ነው፤ ግን ሌላ ሃርድ።

«ኦልድ»ም እንዲሁ ሁለት ተቃራኒ አለው። ለጫማ «ኒው»፣ ለሰው «ያንግ»። መፈተኛው የማይሠራበት ቦታም አለ። «ሾርት» የቶልም የሎንግም ተቃራኒ ስለሆነ ሁለቱን አይለይላችሁም። እዚያ ላይ ወደ ስሙ ተመለሱ።

አራተኛ፦ ሁልጊዜ የሚያደናግሩትን ጥንዶች አንድ በአንድ ፍቱ

ሁሉንም አልዘረዝርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጋግመው የሚመጡብኝን ብቻ ልንገራችሁ።

«ቢግ»ና «ላርጅ» ለዕቃና ለቦታ ይቀያየራሉ። ቢግ ሀውስም ላርጅ ሀውስም ያስኬዳል፤ ላርጅ ትንሽ መደበኛ ነው። ቁጥርና መጠን ግን «ላርጅ» ይወዳሉ፦ «ኤ ላርጅ ነምበር»። ስህተት፣ ውሳኔና ችግር «ቢግ» ይወዳሉ፦ «ኤ ቢግ ሚስቴክ»። ላርጅ ሚስቴክ አይባልም። «ግሬት» ደግሞ ታላቅነትን ወይም ግሩምነትን ነው የሚናገረው። ታላቅ ወንድሜ ብላችሁ «ማይ ግሬት ብራዘር» ካላችሁ ድንቅ ወንድሜ ማለታችሁ ይሆናል። ዕድሜን ለመናገር «ኦልደር ብራዘር» ወይም «ቢግ ብራዘር» በሉ።

«ፋስት»ና «ክዊክ» ሁለቱም ፈጣን ናቸው። ፋስት የሚሮጠው፣ የሚነዳው፣ የሚንቀሳቀሰው ነው። ክዊክ ጊዜ የማይወስደው ነው። ማለዳ ሰንዳፋ መንገድ ላይ የሚያልፉት ሯጮች «ፋስት ራነርስ» ናቸው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ሲጨርስ «ፋስት» ነበር። ታክሲ ሳያመልጣችሁ ቆማችሁ የምትበሉት ምሳ ግን «ኤ ክዊክ ላንች» ነው። የሰፈራችን እድገት ደግሞ «ራፒድ ግሮውዝ» ነው፤ ራፒድ ከለውጥና ከእድገት ጋር ይሄዳል።

«ሊትል»ና «ስሞል» ላይ ልቆይ፤ እዚህ አንዲት ፊደል ትርጉም ትገለብጣለች። ስሞል መጠን ይናገራል። ሊትል ብዙ ጊዜ ከመጠኑ ጋር ስሜት ይጨምራል፤ ለሕፃን፣ ለሚያሳሳ ነገር። ሊትል እንደ ውሃ ካለ ከማይቆጠር ስም ፊት ሲመጣ ግን ሌላ ሥራ ይይዛል። «አይ ሃቭ ኤ ሊትል ዎተር» ማለት ትንሽ ውሃ አለኝ ማለት ነው፤ ጀሪካኑ ውስጥ ለቡና የሚሆን አለ። «ኤ» ከጠፋች፣ «አይ ሃቭ ሊትል ዎተር» ካላችሁ፣ ውሃ የለኝም ለማለት ምንም አልቀረም። ውሃ በወረፋ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

«አሎን»ና «ሎንሊ» የሚለያዩት በልብ ነው። አሎን ማለት አጠገቡ ሰው የለም ነው። ሎንሊ ማለት ብቸኝነት ይሰማዋል ነው። ብሎካችን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉ። ጠዋት ጠዋት ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች ስላሏቸው አሎን ናቸው እንጂ ሎንሊ አይደሉም። ብቸኛ ልጅ፣ ማለትም እህት ወንድም የሌለው፣ ደግሞ «ኦንሊ ቻይልድ» ነው።

አምስተኛ፦ ቃሉ የት እንደሚቆም ተመልከቱ

አንዳንድ የእንግሊዝኛ ቅጽሎች ከስም በፊት መቆም አይወዱም። አሎን፣ አስሊፕ፣ አፍሬድ፣ አላይቭ ከእነዚህ ናቸው። «ዘ ቤቢ ኢዝ አስሊፕ» ትክክል ነው። «አን አስሊፕ ቤቢ» አይሆንም፤ «ኤ ስሊፒንግ ቤቢ» ነው። የታመመ ለማለት «ኢል»ም «ሲክ»ም አለ። ከስም በፊት ግን «ኤ ሲክ ቻይልድ» በሉ። በእንግሊዞች አነጋገር ሲክ መሆን ማስታወክንም ይጨምራል። ክሊኒክ ገብታችሁ ለውጭ ሐኪም ስትናገሩ ይህን ልብ በሉ።

ስድስተኛ፦ አሰልቺ ነህ ወይስ ሰልችቶሃል?

«ቲቸር፣ አይ አም ቦሪንግ» አለችኝ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ። ሰለቸኝ ማለቷ ነው። ያለችው ግን «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ነው። ለዚህ የሚሆን መፍቻ አማርኛችን ውስጥ ተቀምጦልናል።

አሰልቺ፣ አስደሳች፣ አስፈሪ፣ አድካሚ፣ አስገራሚ፣ አሳፋሪ። ሁሉም በ«አ» ይጀምራሉ። ስሜቱን ሌላው ላይ የሚያደርሱ ናቸው። እንዲህ ያሉት በእንግሊዝኛ «ኢንግ» ብለው ያልቃሉ፦ ቦሪንግ፣ ታየሪንግ፣ ሰርፕራይዚንግ። ስሜቱ የደረሰበት ግን የሰለቸው፣ የደከመው፣ የተገረመ ነው። በእንግሊዝኛ ቦርድ፣ ታየርድ፣ ሰርፕራይዝድ ይሆናል። ግራ አጋቢው ጥያቄ «ኮንፊውዚንግ» ነው፤ ግራ የገባው ተማሪ «ኮንፊውዝድ» ነው። ዓረፍተ ነገር ከመናገራችሁ በፊት በልባችሁ በአማርኛ በሉት። «አ» ከመጣ ኢንግ ይከተላል። በዚህ ከነገርኳቸው በኋላ ልጆቹ ስህተቱን በጣም ቀንሰዋል።

ሰባተኛ፦ ስሜቱን መዝኑ

ሁለት ቃላት አንድ ነገር እያሳዩ አንዱ ሊያሞግስ፣ ሌላው ሊሰድብ ይችላል። ቀጭን ሰው «ስሊም» ከተባለ ተወደሰ። «ቲን» ከተባለ እንዲሁ ተገለጸ። «ስኪኒ» ከተባለ ብዙ ጊዜ ተነቀፈ። ርካሽ ዕቃ «ቺፕ» ሲባል ጥራት የለውም የሚል ጥርጣሬ ሊኖርበት ይችላል፤ «ኢንኤክስፔንሲቭ» ግን ዋጋውን ብቻ ነው የሚያወራው። አዛውንትን «ኦልድ» ከማለት «ኤልደርሊ» ይሻላል።

በዚህ ጉዳይ ያየሁት ነገር አለ። ጎረቤታችን እማማ ቤት አሜሪካ ተወልዳ ያደገች የልጅ ልጃቸው መጣች። እማማ አቅፈው ስመው «ወፈርሽልኝ የኔ ልጅ!» አሏት። ደስታ ነው፣ ምስጋና ነው። አስተርጓሚ የሆነችው ልጅ «ዩ ጎት ፋት» ብላ ተረጎመችው። የልጅ ልጃቸው ፊት ጠቆረ። ቃሉ በትክክል ተተርጉሟል፤ ፍቅሩ ግን መንገድ ላይ ቀረ። እማማ ያሉት በእንግሊዝኛ «ዩ ሉክ ሶ ዌል» ነበር። ቅጽል ስትመርጡ ተናጋሪው ምን ሊያደርግ እንደፈለገ ጠይቁ፦ ሊያመሰግን፣ ሊገልጽ፣ ወይስ ሊነቅፍ?

ሌሎች ሁለት ነገሮች ባጭሩ

«ቬሪ» ከሁሉ ቅጽል ጋር አይሄድም። ቬሪ ቢግ፣ ቬሪ ታየርድ ትላላችሁ። «ሂዩጅ»ና «ኤግዞስትድ» ግን ራሳቸው በጣምን ውስጣቸው ይዘዋል። እነሱን ማጠንከር ከፈለጋችሁ «አብሶሉትሊ» በሉ።

በ«ኢክ» እና በ«ኢካል» የሚያልቁትን ደግሞ አትቀላቅሉ። የ1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል «ሂስቶሪክ» ነው፤ ታሪክን የለወጠ። ስለ ድሮ ዘመን የሚያወራ ማንኛውም ሰነድ ግን «ሂስቶሪካል» ነው። ኢኮኖሚያዊ ችግር «ኢኮኖሚክ» ነው፤ ከሰል የምትቆጥበዋ ላቀች ምድጃ «ኢኮኖሚካል» ናት።

ተቀራራቢው ቃል ለምን እንዲህ በዛ ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥት ቋንቋ ሆነ። ላቲን ደግሞ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ነበረ። ለዚህ ነው ንጉሣዊ ለማለት ብቻ «ኪንግሊ» ከጥንቱ እንግሊዝኛ፣ «ሮያል» ከፈረንሳይኛ፣ «ሪጋል» ከላቲን የተገኙት። የተራው ሰው ቃል ከቤቱ፣ የከበረው ቃል ከውጭ። እኛም ከግእዝ የመጣውን ቃል ለክብር እንደምናስቀምጠው ማለት ነው።

ስምንተኛ፦ አረጋግጡ

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት መነሻ ነው፤ እዚያ አትቁሙ። ያገኛችሁትን ቃል እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ በሆነ የተማሪ መዝገበ ቃላት ላይ መልሳችሁ ፈልጉ። ኦክስፎርድም ካምብሪጅም በስልክ በነፃ የሚከፈት አላቸው። ትርጉሙን ሳይሆን የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹን አንብቡ። ቅጽሉ ከየትኞቹ ስሞች ጋር እንደሚመጣ እዚያ ታዩታላችሁ።

ሁለት አማራጭ ካላችሁ ደግሞ ጉግል ኤንግራም ላይ ሁለቱን በኮማ ለይታችሁ ጻፉ። የተቃኙ መጻሕፍት ውስጥ የቱ እንደሚበዛ በመስመር ይስላል። ሄቪ ሬይንና ስትሮንግ ሬይንን አወዳድሩ፤ መስመሮቹ ይነግሯችኋል። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ደብተራችሁ አለ። በሳምንት አንድ የአማርኛ ቅጽል፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ጥንዱን እንጂ ነጠላውን ቃል አትጻፉ።

ለዚህ ሳምንት «ቀላል»ን ሞክሩ። ቀላል ፈተና «ኢዚ» ነው። ቀላል ሻንጣ «ላይት» ነው። ቀላል ኑሮ «ሲምፕል» ነው። ቀላል ሕመም «ማይልድ» ነው። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ወደ እኛ አቅጣጫ እስከ ቃሊቲ የሚመጣው ቀላል ባቡር «ላይት ሬይል» ነው፤ «ኢዚ ሬይል» የሚለው የለም። አሁን «እሷ ቀላል ሰው አይደለችም» የሚለውን ጻፉ። ከላይ ካሉት አራቱ አንዱም አይሆንም። ተቃራኒውን ጠይቁ፣ ስሜቱን መዝኑ፣ ከዚያ መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ።